ኩባንያ ውስጥ ፕሮቲን የምትቀይሩ ሰዎች፣ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራላችሁ?

ጸጥተኛዋ_ሚውቴሽን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፒኤችዲዬን ልጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ላይ ተቀምጬ ሙቀት እንዲችል ስታገል ቆየሁ። ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ያለ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ) አልፈልግም፤ ኩባንያ መግባት ነው የምፈልገው።

የሥራ ማስታወቂያዎቹን ሳነብ ግን ግራ ይገባኛል። ግማሹ የማሽን ለርኒንግ ሰው ይፈልጋል። ግማሹ ፕሮቲን አምርቶ ማጣራት የሚችል። አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱንም ካንድ ሰው ይጠብቃል። አማካሪዬ ዕድሜውን ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የኖረው። ስለ ኢንዱስትሪው ስጠይቀው "ጥሩ ይከፍላሉ ሲሉ እሰማለሁ" ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ። ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራላችሁ? የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው የኮምፒውተር ሞዴል፣ አልፋፎልድ፣ ከመጣ ወዲህስ በእጁ የሚሠራ ሰው ዋጋ አለው ወይስ ጊዜ ጥሎኝ ሄዷል?

ኤች12፦

እህቴ፣ በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የምሠራው ኢንዛይም ነው፤ ስለ መድኃኒቱ ሌሎች ይነግሩሻል።

ፕሮቲን የምቀይርበት ሰዓት በጣም ትንሽ ነው ብልሽ ትስቂ ይሆናል። ዛሬ ዲኤንኤ በትእዛዝ ነው የሚመጣው። ቅደም ተከተሉን ትልኪያለሽ፣ ተሠርቶ ይደርስሻል። ጊዜዬን የሚበላው አሴዩ ነው። "ከእነዚህ ውስጥ የቱ ይሻላል?" ብለሽ ስትጠይቂው የማይዋሽ መለኪያ መሥራት።

ሒሳቡን እይው። 300 አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባባቸው 20 ዓይነት ጡቦች) ያለው ኢንዛይም አለሽ እንበል። እያንዳንዱን ቦታ በተራ በሌሎቹ 19 ብትቀይሪ 5,700 ቫሪያንት (የተለወጠ ቅጂ) ነው። ይህ ይለካል። ሁለት ሁለት ቦታ አጣምሬ ልቀይር ካልሽ ግን ከ16 ሚሊዮን ያልፋል። ሦስት ሦስቱንማ ተይው። ሁሉን ማየት አትችዪም። ጥቂት ነው የምታዪው፤ ያችን ጥቂት ግን አጥርተሽ ማየት አለብሽ።

አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ፍራንሲስ አርኖልድ በ1993 ሰብቲሊሲን የተባለውን ኢንዛይም ደረጃ በደረጃ እየቀየረች፣ 60 በመቶው ዲኤምኤፍ (ኢንዛይም የሚያዳክም ማሟሟያ) በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ከመነሻው 256 እጥፍ እንዲሠራ አድርጋዋለች። በ2018 የኬሚስትሪ ኖቤል ያሸለማት ይህ "የተመራ ዝግመተ ለውጥ" የሚባለው መንገድ ነው። ሰው ስለ ዝግመተ ለውጡ ያወራል። እኔን የሚገርመኝ ፈተናው ነው። ዲኤምኤፍ ባለበት ካዜይን የተባለውን የወተት ፕሮቲን መብላት የሚችለው የቱ ነው? የሚበላው ይቀጥላል፣ ሌላው ይጣላል። ጥያቄው ቀላል ነበር፣ መልሱም በዓይን ይታይ ነበር።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ኩባንያ በገባሁ በዓመቱ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌቶች (ረድፋቸው ከኤ እስከ ኤች፣ ዓምዳቸው ከ1 እስከ 12 የሆነ የመሞከሪያ ሳህኖች) ላይ ትልቅ ስክሪን፣ ማለትም ብዙ ቫሪያንት ባንዴ የሚፈትሽ ሙከራ፣ ሠራሁ። ስምንት አሸናፊ አገኘሁ። በስብሰባ ላይ በኩራት አቀረብኩ። አንዲት ሲኒየር ሳይንቲስት ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየችና "ጉድጓዶቹ የት የት ናቸው?" አለችኝ። ኤ1፣ ኤ12፣ ኤች3፣ ኤች12... ሁሉም ጠርዝ ላይ! ፕሌቶቹ ሌሊቱን 37 ዲግሪ ላይ ሲነቃነቁ አድረዋል። ከጠርዝ ጉድጓዶች ውሃው ይተናል። ውሃ ሲቀንስ ውስጡ ያለው ሁሉ ይወፍራል። ያሸነፈው ትነቱ ነበር እንጂ ኢንዛይሙ አልነበረም። ሦስት ሳምንቴ ውሃ በላው፤ እንዲያውም ውሃው ራሱ በኖ ሄደ።

ስሜን ያወጣሁት ከዚያ ነው።

ግራዲየንት_ወራጅ፦

ኤች12ን አከብራለሁ፤ ግን ልጅቷን ወደ 1993 እየመለሳት ነው።

እኔ የኮምፒውተር ወገን ነኝ። ፒፔት (ፈሳሽ መቅጃ መሣሪያ) ከያዝኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። በያዝኩ ጊዜም ባልደረቦቼ እንድተወው ለምነውኛል።

100 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ትንሽ ፕሮቲን በስንት ዓይነት ልትጻፍ ትችላለች? መልሱ 131 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። በጭፍን አይገባበትም። በፊት አሥር ሺህ ቫሪያንት መለካት ይጠይቅ የነበረ ፕሮጀክት ዛሬ እኛ ጋ በአንድ ፕሌት የሚጀመርበት ጊዜ አለ። ሞዴሉ "እነዚህን 96 ሞክሩ" ይላል፣ እንሞክራለን። ሁልጊዜ ይሳካል አልልሽም። ሲሳካ ግን ወራት ያተርፋል።

አልፋፎልድ2 በ2020 በፕሮቲን መዋቅር ትንበያ ውድድር ላይ ሁሉንም ጥሎ ሄደ። የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ግማሹ ለፕሮቲን ነዳፊው ለዴቪድ ቤከር፣ ግማሹ ለአልፋፎልድ ሠሪዎቹ ለዴሚስ ሐሳቢስና ለጆን ጃምፐር ተሰጠ። የቤከር ቡድን ግን ይህን የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ2003 ቶፕ7 የሚባል፣ ተፈጥሮ ጨርሶ ያልሠራችው ቅርጽ ያለው ባለ 93 አሚኖ አሲድ ፕሮቲን ነድፎ አሳይቷል። ስለዚህ "አዲስ ፋሽን ነው፣ ያልፋል" የሚልሽን አትስሚ።

አንድ ነገር ግን እውነት ነው። ቅርጹን ማወቅ ሥራውን ማወቅ አይደለም። ኢንዛይምሽ ውስጥ አንድ አሚኖ አሲድ ቀይሪና አልፋፎልድን ጠይቂው። ብዙ ጊዜ ያንኑ ምስል ይመልስልሻል። ኢንዛይሙ ግን ላብ ውስጥ ሞቶ ሊሆን ይችላል።

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማሪ። የሞዴል ሊቅ ሁኚ አላልኩም። ሃምሳ ፕሌት ዳታ በኤክሴል ስትጎትቺ እንዳላይሽ ነው።

ኤች12፦

ሞዴልህ የሚበላውን ዳታ ማን ነው የሚያመጣልህ?

ግራዲየንት_ወራጅ፦

አንተ። ለዚህም ነው የማልቀየምህ።

ከነገርክ አይቀር የእኔንም ጉድ ልጨምር። አንድ ጊዜ የሦስት ዓመት የቆየ ዳታ ሰጡኝ። ሞዴል አሠለጠንኩ። ውጤቱ ያምር ነበር፤ ከማማሩ የተነሳ አጠራጠረኝ። ስቆፍረው፣ መሃል ላይ የፕሌት ማንበቢያው መሣሪያ ተቀይሯል። አዲሱ መሣሪያ ከፍ አድርጎ ያነባል። ከቅያሬው በኋላ የተለኩት ቫሪያንቶች ደግሞ በአብዛኛው ከአንድ ቤተሰብ ነበሩ። ሞዴሌ ስለ ፕሮቲን አንዳች አልተማረም። ጎበዝ የነበረው በየትኛው መሣሪያ እንደተነበቡ በመገመት ነው። መነሻውን ኢንዛይም በየፕሌቱ ለክተውት ቢሆን ኖሮ በአንድ ከሰዓት ይስተካከል ነበር። አልለኩትም።

ቀዝቃዛ_ክፍል፦

እኔ የመድኃኒቱ ወገን ነኝ። አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ዒላማ ለይቶ የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን።

እኛ ጋ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። አጥብቆ የሚይዝ አንቲቦዲ ማግኘት ዛሬ የሚከብደው ክፍል አይደለም። በ2018 የኖቤሉን ሌላኛውን ግማሽ የተካፈሉት ጆርጅ ስሚዝ እና ግሬጎሪ ዊንተር ናቸው፤ በፌጅ ዲስፕለይ። ባክቴሪያ የሚያጠቃ ቫይረስ ላይ ፕሮቲኑን ታንጠለጥያለሽ፣ ዒላማሽን የሚይዘውን ታጠምጃለሽ። በ2002 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የመገጣጠሚያ ብግነት መድኃኒት አዳሊሙማብ በዚህ መንገድ የመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ሥራው። ከቆዳ ሥር በመርፌ የሚሰጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማጨቅ አለብሽ። በዚህ መጠን አንዳንዱ አንቲቦዲ እንደ ማር ይወፍራል፤ በቀጭን መርፌ አይወጣም። አንዳንዱ እርስ በርሱ ይጓጉላል። ከአስፓራጂን ቀጥሎ ግላይሲን ካለ (ሁለቱም አሚኖ አሲድ ናቸው)፣ መደርደሪያ ላይ ሲቆይ አስፓራጂኑ ይለወጣል። ያ ቦታ ዒላማውን የሚይዝበት ጣት ከሆነ በቃ፣ መድኃኒትሽ በጠርሙሱ ውስጥ እያረጀ ነው።

አንድ ፕሮጀክት ላይ ከሁሉም አጥብቆ የሚይዘውን ሞለኪውል ወደድነው። ስም ሁሉ አወጣንለት። 40 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ስናየው ደፍርሷል። አራተኛ የወጣው፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው፣ እሱ ነው የቀጠለው።

ለዚህ ሥራ መግቢያ የሚሆን የምወደው ምሳሌ ኢንሱሊን ነው። ሊስፕሮ የተባለውን የተቀየረ ኢንሱሊን እዪው፣ በ1996 ነው የተፈቀደው። ኢንሱሊን ካሉት ሁለት ሰንሰለቶች ቢ በሚባለው 28ኛና 29ኛ ላይ ያሉት ፕሮሊንና ላይሲን ቦታ ተለዋወጡ፣ ያ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ መጣበቅ ሰነፉ፣ ቶሎ ወደ ደም ይገባሉ። በ2000 የተፈቀደው ግላርጂን ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ባለው አሲድ ይሟሟል፤ ከቆዳ ሥር አሲዱ ሲጠፋ ይዘቅጣል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቀቃል። በሌላ ፕሮቲን ላይ መዝቀጥን ስንታገል እንውላለን። እዚህ ግን መዝቀጡ ራሱ መድኃኒቱ ሆነ። አንዱ በምግብ ሰዓት፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ ነው የተፈለገው። "የተሻለ ኢንሱሊን" ብቻ ብሎ የጀመረ ሰው ሁለቱንም አያገኛቸውም።

ፒፔት_ክንዴን፦

እዚህ ሁሉም ስለ ኖቤል ያወራል። ለሁላችሁም ፕሌቱን የምሞላው እኔ ነኝ።

አንድ ቦታ ላይ ሁሉንም አሚኖ አሲድ ለመሞከር በተለመደው መንገድ 32 ኮዶን (ባለ ሦስት ፊደል የዲኤንኤ ቃል) ነው የሚደባለቀው። ከድብልቁ በዕድል ስለሚለቀም፣ አንዱ እንዳያመልጥህ ወደ 95 ክሎን (እያንዳንዱ አንድ ቫሪያንት የያዘ የባክቴሪያ ስብስብ) መልቀም አለብህ። አንድ ፕሌት ማለት ነው። "ሁለት ቦታ እንሞክር" ሲሉኝ ወደ 3,000 ይሆናል። በስላይዱ ላይ አንድ ቁጥር ነው የጨመረው። በእኔ ክንድ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ላብ የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

ማስተርስ ነው ያለኝ። ስድስት ዓመት ሠራሁ። ሳይንቲስት የሚለው ማዕረግ ላይ ለመድረስ ፒኤችዲ ያለው ሰው በአንድ ቀን የሚገባበትን በር ስድስት ዓመት አንኳኳሁ። አንዳንድ ቦታ በልምድ ያሳድጋሉ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጣሪያው አለ፤ አይነግሩህም እንጂ። ሥራ ከመቀበልህ በፊት "ያለ ፒኤችዲ እዚህ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያለው ማነው?" ብለህ ጠይቅ። ዝም ካሉ መልሱን አግኝተሃል።

ጸጥተኛዋ_ሚውቴሽን፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ በዝርዝር ይመለስልኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ኤች12፣ ኩባንያ ውስጥ ከዜሮ ተነስቶ እስከ ፋብሪካ የደረሰ ኢንዛይም በእርግጥ አለ? በእኛ ቤት ሁሉም ወረቀት ላይ ያልቃል። ሁለተኛ፣ የእኔ ኢንዛይም ሙቀት መቻሉ በ9 ዲግሪ ጨምሯል፤ ሥራው ግን በግማሽ ወርዷል። ይህንን በቃለ መጠይቅ ላይ ምን ላድርገው? አማካሪዬ ዘጠኙን ብቻ አጉልተሽ አሳዪ ይላል።

ኤች12፦

ለመጀመሪያው፦ ሲታግሊፕቲን። የስኳር በሽታ ክኒን ነው። መርክ እና ኮዴክሲስ በ2010 ያወጡትን ጽሑፍ ፈልገሽ አንብቢ። እኔ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማስነብበው እሱን ነው።

ክኒኑ ይሠራ የነበረው በከፍተኛ ግፊት፣ ሮዲየም በሚባል ውድ ብረት ነው። በኢንዛይም እንተካው አሉ። የመረጡት ኢንዛይም ግን በዚያ ሞለኪውል ላይ የሚለካ ሥራ አልነበረውም። ዜሮ! ዜሮን ደግሞ ማሻሻል አይቻልም፣ በምን ታወዳድሪዋለሽ? ስለዚህ መጀመሪያ ከፊሉ የተቆረጠ ትንሽ ሞለኪውል ሰጡት። ያንን ሲለምድ ኪሱን አስፍተው ወደ እውነተኛው አሻገሩት። ከዚያ በየዙሩ ፈተናውን አከበዱበት። ሞለኪውሉ በዛ፣ ሙቀቱ ጨመረ፣ ዲኤምኤስኦ የተባለው ማሟሟያ ጨመረ፤ መጨረሻ ላይ ግማሹ ፈሳሽ ዲኤምኤስኦ ነበር። 27 ለውጥ የያዘ ኢንዛይም ወጣ። ምርቱ ከ10 እስከ 13 በመቶ ጨመረ፣ ቆሻሻው በ19 በመቶ ቀነሰ።

ልብ በዪ፤ እያንዳንዱ ዙር ላይ የተለካው ፋብሪካው የሚፈልገውን ነው። እኔ ደግሞ አንዴ ቀለም የሚሰጥ ምትክ ሞለኪውል ላይ፣ ለመለካት ስለሚቀል ብቻ፣ አምስት ዙር ሄጄ ምትኩን የሚያፈቅር ኢንዛይም አወጣሁ። እውነተኛውን ሲያይ ፊቱን አዞረበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ በአምስተኛው ዙር ተፈታ።

ሁለተኛውን ለሌላ ልተው።

ሁለተኛ_ዙር፦

ሁለተኛው የእኔ ነው። ሰው እቀጥራለሁ።

ሁለቱንም አሳዪ፣ እኅቴ። ዘጠኙን ዲግሪም፣ ግማሹንም። ሙቀት መቻል ሲጨምር ሥራ የሚወርድበት ጊዜ እንዳለ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ደብቀሽ ካለፍሽ የሚቀጥለው ጥያቄ እሱ ነው የሚሆነው፣ ያኔ ደግሞ ስላይድ የለሽም። በየትኛው ሙቀት ነው ግማሽ የወረደው? ሁለቱም ኢንዛይሞች 60 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ቢቀመጡስ የቱ ብዙ ይሠራል? መነሻው እዚያ ላይ ሞቶ ከሆነ የአንቺ "ግማሽ" ከዜሮ ይበልጣል። ይህን ካሳየሽኝ ያኔውኑ ባልደረባዬ ነሽ።

የቃለ መጠይቁ ቀን ብዙ ቦታ የሚጀምረው በአንድ ሰዓት ገለጻ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ከአምስት ስድስት ሰው ጋር ትቀመጫለሽ። እኔ የምጠይቀው ሁልጊዜ ያው ነው። ስንት ጊዜ ደገምሽው? ንጽጽሩ ምን ነበር? ለምን እዚያ ላይ አቆምሽ? የመጨረሻዋን ብዙ ሰው አያስብባትም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፕሮጀክት የሚቆመው ተማሪው ሲመረቅ ነው። እኛ ጋ የሚቆመው "ይህ አይሆንም" የሚል ሰው ሲገኝ ነው፤ ያን በጊዜ የሚል ሰው ወርቅ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ለእኛ ቋንቋ ልጆች። "እኔ አደረግኩ" ማለት ያሳፍረናል፤ "አደረግን" እንላለን። ትሕትና ነው፣ አውቃለሁ፣ እኔም እንደዚያ ነኝ። ግን አንድ እጩ ሰዓቱን ሙሉ "ለካን፣ ነደፍን፣ አጣራን" ብሎኝ፣ እሱ ራሱ ምን እንደሠራ ሳላውቅ ወጣ። ያንቺን እጅ ለይተሽ ተናገሪ።

ሦስቴ_የተበተነ፦

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ሦስት ትንንሽ ኩባንያ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሦስቱም ዛሬ የሉም። አንዱ ሳይንሱ አልሠራም። ሁለቱ ሳይንሱ ሠርቶ ገንዘቡ አለቀ። አንደኛው ላይ ጠዋት የምርጥ ቫሪያንታችንን ውጤት አይተን ጨፈርን፣ ከሰዓት የመግቢያ ካርዳችን መሥራት አቆመ።

ስለዚህ ትንሽ ኩባንያ ከሆነ "ያላችሁ ገንዘብ ስንት ወር ያስኬዳችኋል?" ብለሽ ጠይቂ። ነውር አይደለም። የሚቆጣ ካለ እሱም መረጃ ነው።

ሌላው፣ ሥራሽ ላይታተም ይችላል። የፓተንት ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ከቀረበ ከ18 ወር በኋላ ነው ለሕዝብ የሚወጣው፤ እስከዚያ ዝም ነው። ሥራ ስትቀይሪ ቅደም ተከተሎቹን ማሳየት አትችዪም። ስለዚህ ታሪኩን ያለ ስም መናገር ልመጂ። "አንድ ሃይድሮሌዝ፣ ችግሩ እንዲህ ነበር፣ በዚህ ለካሁት።" አንድም ፋይል ይዘሽ አትውጪ። አንድም።

ይህን ሁሉ ብዬ አራተኛው ውስጥ ነኝ። ፕላስቲክ የሚበላ ኢንዛይም። በ2016 ጃፓኖች ፔት ፕላስቲክ የሚበላ ባክቴሪያ ማግኘታቸውን ሲያወጡ እኔ ተማሪ ነበርኩ። በ2020 ደግሞ ፈረንሳዮቹ በ10 ሰዓት ቢያንስ 90 በመቶውን ፔት የሚበትን የተሻሻለ ኢንዛይም አሳዩ፣ 72 ዲግሪ ላይ። ያን አንብቤ መተኛት አቃተኝ። ሱስ ነው፣ ምን ላድርግ።

ግራዲየንት_ወራጅ፦

ሦስቴ ተበትኖ አራተኛ የገባ ሰው ሙቀት መቻሉ ስንት ዲግሪ ነው?

ሦስቴ_የተበተነ፦

ከፍ ያለ ነው። ሥራው ግን በግማሽ ወርዷል።

ጸጥተኛዋ_ሚውቴሽን፦

ሳቄን አልቻልኩትም።

ከሁለት ቀን በኋላ ነው የምጽፈው። ኤች12 ያወራው እንቅልፍ ስለነሳኝ የድሮ ፕሌቶቼን ካርታ አወጣሁ። የዘጠኝ ዲግሪው ደህና ነው፤ አጣርቼ ሦስት ጊዜ ነው የለካሁት። ነገር ግን በቴሲሴ ምዕራፍ አራት ላይ "ተስፋ ሰጪ" ብዬ የዘረዘርኳቸው አራት ቫሪያንቶች አሉ። ከመጀመሪያው ስክሪን በቀጥታ የወሰድኳቸው ናቸው። ሁለቱ ኤ ረድፍ ላይ ናቸው። አንዱ ኤች12 ነው።

ኤች12፦

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሳላስበው ሳቅኩ።

ቫሪያንቶቹን የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች ፍሪዘር ውስጥ አሉ?

ጸጥተኛዋ_ሚውቴሽን፦

አሉ። ዛሬ ማታ አስነሳቸዋለሁ።

ኤች12፦

መሃል ላይ አድርጊያቸው። መነሻውን ኢንዛይም ደግሞ በአራቱም ማዕዘን።